የቻይናው ቀርከሃና የጋይንቱ ሸምበቆ፤ ዋሽንት ለሚገዛ ሰው

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፤ ሽንጡን ዳብሶ፣ ጥቂት አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ጋቢ የምትገዛ እመቤት ፈትሉን በጣቷ ሳትፈትሽ የገንዘቧን ቋጠሮ አትፈታም። ዛሬ ግን ገበያው ከእጅ ርቆ በስልክ መስታወት ውስጥ ገብቷል። ሻጩ አይታይም፤ ዕቃው አይዳሰስም፤ ገዥው የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው። ሸሚዝና ጫማ እንኳ በዚህ መንገድ ሲገዛ አንዱ ይጠብባል፣ አንዱ ይሰፋል። ታዲያ ዋጋው በመልኩ ሳይሆን በድምፁ የሚቆረጠውን የሙዚቃ መሣሪያ ሥዕሉን ብቻ አይቶ መግዛት ምን ያህል ያስቸግር ይሆን?

ይህን ነገር የማነሣው በምክንያት ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ስልክ የያዙ ተማሪዎችና አዲስ ተቀጣሪዎች፣ «ከቻይና የቀርከሃ ዋሽንት በኢንተርኔት ለማስመጣት ምን ማድረግ ይገባል?» እያሉ ሲጠይቁ መስማት ጀምሬአለሁ። ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው ይስቁ ይሆናል። ዋሽንት ከእረኛ እጅ በማይጠፋበት አገር ተቀምጦ ዋሽንት ከሩቅ ምሥራቅ መመኘት በእርግጥ ያስቃል። እኔ በበኩሌ ግን ጥያቄው ከሣቅ ይልቅ ማሰብን የሚሻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ለውድ አንባቢ ሁለት ነገር ላቅርብ። መጀመሪያ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛ ሰው ምን ማወቅ እንደሚገባው፤ ቀጥሎም፣ በደጃችን ያለውን ከመግዛት ይልቅ ባሕር ማዶ ያለውን መግዛት ለምን እንደ ቀለለ።

የአንድ ቤት ዘመዶች

በዋሽንት ውስጥ የሚዘምረው ሸምበቆው አይደለም፤ በውስጡ ያለው አየር ነው። ነፊው በጠርዙ ላይ የሚለቀው ትንፋሽ ያንን አየር ያርገበግበዋል። ቧንቧው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያጥር ይቀጥናል። በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው፣ ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ የግማሽ ሜትር ቧንቧ በሰከንድ ወደ 340 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የጣት ቀዳዳዎችም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቀዳዳ ሲከፈት ቧንቧው ያጠረ ያህል ይሆናልና ድምፁ ከፍ ይላል።

የእኛ ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፤ ዛሬ ከብረትና ከፕላስቲክ ቧንቧ የሚሠሩም አሉ። የጣት ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። አራቱም ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፣ ከታች ጀምረው በየተራ ሲከፈቱ አራት ድምፅ፣ በጠቅላላው አምስት ይሆናሉ። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ስለ ሆኑ ነገሩ ልክ ለልክ ነው። ትንፋሽ ሲበረታ ደግሞ እነዚያው ድምፆች ወደ ላይኛው አቻቸው ይዘላሉ። ይሁን እንጂ አንዴ የተበሳ ቀዳዳ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የሠለጠነ ዋሽንተኛ ለየቅኝቱና ለየዘፋኙ ድምፅ የሚስማሙ አጫጭርና ረጃጅም ዋሽንቶች በብዛት ይዞ ይዞራል።

ቻይኖችም በዚህ መሣሪያ የቆየ ታሪክ አላቸው። በሄናን ክፍለ ሀገር ጂያሁ ከሚባል ቦታ በቁፋሮ የተገኙት፣ ከወፍ አጥንት የተሠሩ ዋሽንቶች ዕድሜያቸው ከ7,000 ዓመት በላይ ነው፤ ከእነርሱም መካከል እስከ ዘመናችን ድረስ ሊነፋ የሚችል መገኘቱን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቀዋል። በዛሬው ገበያ ከሚሸጡት መካከል ሁለቱ በይበልጥ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ዲዚ ይባላል፤ ወደ ጎን ተጋድሞ የሚነፋ ሲሆን ስድስት የጣት ቀዳዳዎች አሉት። ሁለተኛው ሺያዎ ይባላል፤ እንደ እኛው ዋሽንት ወደ ታች ተይዞ ከጫፉ ይነፋል፣ ድምፁም ለስላሳና ትካዜ ያለበት ነው። ስለዚህ የእረኛውን ዋሽንት የለመደ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ዘመድ ሺያዎ መሆኑን ልብ ይሏል። ልዩነቱ፣ በሺያዎ አፍ ላይ ትንፋሹን የሚከፍል ትንሽ ቁርጥ መኖሩ ነው። የእኛ ዋሽንት አፉ ደልዳላ ስለ ሆነ ከንፈር ራሱ ጠርዙን መፈለግ አለበት፤ ጀማሪን የሚያስቸግረውም ይህ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

አሁን ወደ ግዥው እንምጣ።

አንደኛ፤ የሚገዙትን ዓይነት ለይተው ይወቁ። የማውቀው አንድ የሥራ ባልደረባ ከቻይና ዲዚ አስመጥቶ ነበር። ዕቃው ሲደርስ ምንም ቢነፋ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ቀዳዳዎቹን ቢቆጥር፣ በመንፊያውና በጣት ቀዳዳዎቹ መካከል ማንም ጣት የማይደርስበት አንድ ትርፍ ቀዳዳ አገኘ። «የተበላሸ ዕቃ ላኩብኝ» ብሎ ለሦስት ሳምንት ያህል ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ሲከራከር ከረመ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ያ ቀዳዳ ከሸምበቆ ውስጠኛ ገለፈት በተወሰደ፣ ከሲጋራ ወረቀት በሳሳ ሽፋን መሸፈን አለበት። ለዲዚ ያንን የሚነዝር ብሩህ ድምፅ የሚሰጠው ይህ ሽፋን ነው። ቻይኖች የሚያጣብቁት ከአህያ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ፣ ወይም በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ነው። ሽፋኑ በትንሽ ፖስታ ተጠቅልሎ ከዕቃው ጋር አብሮ መጥቶ ነበር፤ ባልደረባዬ ግን የመጠቅለያ ቁራጭ መስሎት ወደ ጎን አኑሮታል። እንግዲህ ዲዚ የሚገዛ ሰው፣ ሽፋኑና ማጣበቂያው አብረው ይላኩ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። በዲዚው ታችኛ ጫፍ አካባቢ ሌሎች ቀዳዳዎች ቢያይም አይደንግጥ፤ እነዚያ የድምፅ ማስተካከያና የጌጥ ክር ማሰሪያ ናቸው።

ሁለተኛ፤ መነሻ ድምፁን ይጠይቁ። በቻይና ዋሽንት ላይ «ዲ»፣ «ሲ» ወይም «ጂ» የሚሉት የፈረንጅ ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። ብዙ ሰው ይህ ፊደል ሁሉም ቀዳዳ ሲደፈን የሚወጣውን ድምፅ የሚያመለክት ይመስለዋል። በዲዚ ዘንድ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ፊደሉ የሚያመለክተው የላይኞቹ ሦስት ቀዳዳዎች ተደፍነው የታችኞቹ ሦስት ሲከፈቱ የሚወጣውን ድምፅ ነው። ስለዚህ «ዲ» የተባለው ዲዚ ሁሉም ሲደፈን የሚሰጠው «ኤ»ን ነው። ይህን ሳያውቅ ከክራር ወይም ከኪቦርድ ጋር ሊጫወት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስተኛ፤ የትኛውን ቅኝት ሊጫወቱበት እንደሚፈልጉ ያስቡ። የቻይናም የጥንት ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። ከእነርሱ ቅኝቶች አንዱ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከእኛ ትዝታ ሜጀር ጋር በድምፆቹ ርቀት ይገናኛል። ትዝታን በዲዚ ወይም በሺያዎ ለመጫወት የሚሻ ሰው እንግዲህ ብዙ አይቸገርም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ሌላ ናቸው፤ በውስጣቸው እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉ፣ ቀዳዳውን በግማሽ ጣት እየሸፈኑ መፈለግን ይጠይቃሉ። ይህም ለጀማሪ ቀላል አይደለም። አንቺ ሆዬን የሚወድ ሰው፣ ለአንቺ ሆዬ ተብሎ የተበሳ የአገሩን ዋሽንት ቢገዛ ጣቱም ጆሮውም ያርፋል።

አራተኛ፤ ለጌጥ የተሠራውን ለመንፋት ከተሠራው ይለዩ። በቻይና ገበያ ዘንዶ የተሣለበት፣ በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮችም በቀለማም ቆዳ የተለበደ ዋሽንት ሞልቷል። ለግድግዳ ያምራል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው በጆሮ ሳይሆን በዓይን የተለካ ነው። በስልክ ሲገዙ ሻጩ ያንኑ የሚልክልዎትን ዕቃ ነፍቶ፣ ከታች እስከ ላይ ድምፁን አንድ በአንድ እየለቀቀ እንዲቀዳልዎት ይጠይቁ። በስልክ ላይ የሚጫን ቱነር የሚባል የድምፅ መለኪያ አለ፤ ቅጂውን በእርሱ መመርመር ይቻላል። ቅጂ ለመላክ የማይፈቅድ ሻጭ፣ በሬው ጥርሱን እንዳይከፈት የሚከለክል ነጋዴ ማለት ነው።

አምስተኛ፤ ገላውን ይመልከቱ። ቀርከሃና ሸምበቆ ከተቆረጡ በኋላ በጥላ ሥር ቀስ ብለው መድረቅ አለባቸው፤ እርጥብ ሳሉ የተበሱ እንደሆነ በኋላ ይሰነጠቃሉ። በየመካከሉ የተጠመጠመ ክር ካለ ስንጥቅን ለመከላከል ነውና በጎ ምልክት ነው። እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከታዩ ግን ነቀዝ ገብቶበታል፤ አይግዙት። በመካከሉ በናስ መገጣጠሚያ የተቆራኘ ከሆነ፣ ጥቂት በመሳብ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ያስችላል።

ስድስተኛ፤ ጠቅላላውን ወጪ ያስሉ። ርካሽ በሆነ ዋሽንት ላይ የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ቀረጥም ሊጨመር ይችላል። ለውጭ ሻጭ ለመክፈል ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ካርድ የሌላቸው ሰዎች በቴሌግራም በሚያስተዋውቁ አስመጪዎች በኩል ያዝዛሉ፤ በዚህ መንገድ የሚያዝዝ ሰው ዕቃው ሳይመጣ ሙሉውን ገንዘብ ባይከፍል ይበጀዋል። ለጋይንትና ለስማዳ ነዋሪ ሌላም ችግር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ታይቷል። ስለዚህ ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስ ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ ለሻጩ ለማስታወቅ እንኳ ላይቻል ይችላል።

አንድ ምክር ልጨምር። ዋሽንቱ እንደ ደረሰ በብርድ ነፍተው አይፍረዱበት። ስሙ ራሱ ንፋስን በሚጠራው በንፋስ መውጫ ማለዳ፣ ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር፣ አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊቀርብ ይችላል። በዚያ ብርድ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 331 ሜትር ዝቅ ይላል፤ የዋሽንቱም ድምፅ ከመቶ 3 ነጥብ 5 ያህል ይወርዳል። በፒያኖ ላይ የሁለት ተጎራባች ድምፆች ልዩነት ከመቶ 6 ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ብርዱ ከዚህ ልዩነት ከግማሽ በላዩን ወሰደ ማለት ነው። መጀመሪያ በጋቢ ውስጥ አሙቁት፤ ከዚያ ስሙት።

ዋሽንት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከዚህ በላይ የተናገርሁት ሁሉ ለቻይናው ዋሽንት ገዥ ብቻ የተነገረ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከጥቂቱ በቀር ለአገራችንም ዋሽንት ይሠራል። ታዲያ የአገሩን ዋሽንት የት ሄደን እንግዛ?

እስቲ አገሩን እንመልከት። ከጉና ብርዳማ ትከሻ ተነሥቶ፣ በእስቴና በስማዳ በኩል ወደ ዓባይ፣ በታች ጋይንት በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው ይህ ምድር፣ ደጋውም ቆላውም የእረኛ አገር ነው። ሸምበቆ በየወንዙ ዳር ይበቅላል። ይህ ተክል በሳይንስ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ የሚባለው ሲሆን፣ የአውሮፓ ክላሪኔትና ኦቦ የሚነፉበት ምላስም የሚሠራው ከዚሁ ተክል ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ለዋሽንት ይመቻል። የቆላው ሽመል ግን ውስጡ ድፍን ነውና ለዱላ እንጂ ለዋሽንት አይሆንም። እረኛው ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቃል። ሸምበቆውን ይመርጣል፣ ያደርቃል፣ የቀዳዳውን ርቀት በጣቱ ለክቶ በጋለ ብረት ይበሳል፣ ይነፋል፣ ድምፁ ካልጣመው ይጥልና ሌላ ይጀምራል።

ይህ አገር በዜማ ደግሞ ከማንም አያንስም። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሚሰጥባት ዙር አምባም በጋይንት ናት። ከሩቅ አገር የመጣ ደቀ መዝሙር በእነዚህ ደብሮች ለዓመታት ቆሎ እየቆረጠመ ተምሮ፣ ዜማው ተፈትኖ፣ «ይህ ሰው አውቋል» ተብሎ ሲመሰከርለት ወደ አገሩ በክብር ይመለሳል። ዜማው ምልክት አለው፤ መምህሩ ስም አለው፤ መምህሩን ያስተማረው መምህርም ስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋሽንቱ እንመለስ። ከዚያው ደብር ግርጌ፣ ከዚያው መስክ ላይ የሚነፋው እረኛ ማን ይመሰክርለታል? ማን አስተማረው? ዋሽንቱንስ ማን ሠራው? አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የአገሩን ስሜት ከእረኛ አፍ ይጠይቁ እንደ ነበር ይነገራል። «እረኛ ምን ሠራ?» ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም አይሰማም።

«ዋሽንት ደግሞ ይሸጣል እንዴ?»

በማስተምርበት ክፍል አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ዋሽንቱን በጋቢው ውስጥ ደብቆ ይመጣል፤ በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ይነፋል። ለጓደኞቹም እየሠራ ይሰጣል። አንዱን ተቀብዬ ዋጋውን ብጠይቀው አፍሮ አንገቱን ደፋና፣ «መምህር፤ ዋሽንት ደግሞ ይሸጣል እንዴ?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ የቻይናው ዋሽንት ከጋይንቱ ይልቅ ለመግዛት የቀለለበት ምክንያት በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ አለ። የቻይናው ዋጋ አለው፤ መነሻ ድምፁ ተጽፎበታል፤ የሠሪው ምልክት ተቀርጾበታል፤ ከተሰበረም ሌላ እርሱን የመሰለ ይገኛል። የእኛው ዋጋ የለውም፤ ምልክት የለውም፤ ሠሪው ስም የለውም። በስጦታ ይሰጣል፣ በጨዋታ ይሰበራል፣ ይረሳል። ስጦታ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማንም የማይከፍልበት ሙያ ሠሪውን አያኖርም፤ ሠሪውን የማያኖር ሙያም ከልጅነት አያልፍም።

እስከ ትናንት ድረስ ይህ ብዙ አልጎዳም ነበር፤ እረኛ ለእረኛ ያስተምር ነበርና። ዛሬ እረኛው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የዋሽንት ትምህርት ቤቱ መስኩ ስለ ነበር፣ ልጁ መስኩን ሲለቅ ዋሽንቱንም አብሮ ይለቃል። ቤተ ሰቡም ቢሆን፣ «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» እያለ ይገሥጸዋል። እንግዲህ የዋሽንት ዕውቀት ከመስኩ ወጥቶ ሌላ ቤት ካላገኘ የሚያድርበት የለውም።

ሌላ ቤት ሊያገኝ እንደሚችል ግን የራሳችን ታሪክ ያሳየናል። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም፣ ዋሽንት ከማሲንቆ፣ ከክራርና ከበገና ጋር በአንድ መድረክ ላይ ተቀምጧል። የቡድኑ ዋሽንተኛ የነበሩት ዮሐንስ አፈወርቅም የመሣሪያውን ክብር ለከተማው ሕዝብ አሳይተዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ ከደረሷቸው ድርሰቶች አንዱን የሰየሙት በዋሽንት ነፊው እረኛ ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በዚሁ ትምህርት ቤት ዋሽንት ይሰጣል።

ቻይኖች ያደረጉት ከዚህ የተለየ ተአምር አይደለም። ዲዚም በገጠር የሠርግና የቴአትር አጃቢ ሆኖ የኖረ መሣሪያ ነው። ፌንግ ዚሱን የተባለው የገጠር ሙዚቀኛ በ1953 እ.ኤ.አ. በብሔራዊ የባህል ሙዚቃ በዓል ላይ ዲዚውን ብቻውን ነፍቶ ተደነቀ፤ በኋላም በሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ነፊው መምህር ሲሆን ሠሪው ገበያ አገኘ። በጉዊጆ ክፍለ ሀገር ዩፒንግ፣ በምሥራቅም ሀንጆና ሱጆ በዋሽንት ሥራቸው የታወቁ ቦታዎች ሆኑ። ዛሬ የጋይንቱ ተማሪ በስልኩ የሚያየው የዚያን ሥራ ፍሬ ነው።

ይህ ነገር ለጋይንት ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚወርደውን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሠሩት ቻይኖች ናቸው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። መንገድ ግን በሁለት በኩል የሚያስኬድ ነው። በእርሱ የቻይና ዋሽንት ወደ ንፋስ መውጫ ከመጣ፣ የጋይንት ዋሽንት ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር የማይሄድበት ምክንያት የለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን የአገራቸውን ዜማ ሊያሰሙ ይፈልጋሉ፤ የሚያጡት ድምፁ የተለካና አድራሻ ያለው ዕቃ ነው።

ከእረኛው ሲገዙ

ታዲያ እኔና እርስዎ፣ ወርኃዊ ደመወዝ የምንቀበል ወይም በቅርቡ የምንቀበል ሰዎች፣ ምን ልናደርግ እንችላለን? ነገሩ ከባድ አይደለም።

ለበዓል ወደ አገርዎ ሲመለሱ፣ በመካነ ኢየሱስም ይሁን በወገዳ፣ በዓርብ ገበያም ይሁን በንፋስ መውጫ፣ «በዚህ ቀበሌ ጥሩ ዋሽንት የሚሠራ ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ሲያገኙት በነፃ አይቀበሉት፤ ዋጋ ይቁረጥ። መቁረጥ ካፈረ፣ እርስዎ በከተማ ለአንድ ሸሚዝ የሚከፍሉትን አስበው ይክፈሉት። አንድ ብቻ አይዘዙ፤ አንዱን ለትዝታ፣ አንዱን ለባቲ፣ አንዱን ለአንቺ ሆዬ ብለው ይዘዙ። ይህን ሲያደርጉ ሠሪው ልዩነቱን እንዲያስብ ያስገድዱታል። ፊትዎ ነፍቶ ያሰማዎት፤ በስልክዎም ይቅዱት።

ከሁሉም በላይ ግን በዋሽንቱ ገላ ላይ ያስጽፉ። የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቦታ፣ ቅኝቱ፣ ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ የተሠራበት ዓመተ ምሕረት፤ ይህ ብቻ በቂ ነው። ይህን መጻፍ ዋሽንትን ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። አይደለም፤ እያንዳንዱ እረኛ በጣቱ ልክ መብሳቱን ይቀጥል። የሚጻፈው እርሱ የሠራውን ሌላው እንዲያውቀው፣ ሲሰበርም ደግሞ እንዲሠራ ነው።

ከሩቅ ሆነው የሚያዝዙ ከሆነም መንገዱ አለ። ሠሪው ድምፁን በቴሌግራም ይላክ፤ ገንዘቡን በቴሌብር ይቀበል፤ ዋሽንቱን ሁለት ጫፉ በተደፈነ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ አድርጎ በአውቶቡስ ይላክ። በቧንቧ የተላከ ዋሽንት ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ጆንያ ቢጫንበትም አይሰበርም። መምህራንም ብንሆን በትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበብ ውስጥ ለዋሽንት ሠሪ ተማሪ አንድ ጠረጴዛና አንድ የድምፅ መለኪያ ያለው ስልክ መስጠት አያቅተንም። ያ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ከምንም ይልቅ የሚጎድለው ከእርሱ ዕድሜ ብዙ ያልራቀ፣ «ሸጠህ ብላ፤ ስምህንም ጻፍበት» የሚለው ሰው ነው።

የቻይናውን ዋሽንት መግዛት ነውር አይደለም፤ የሌላውን ሕዝብ ጥበብ ማወቅ ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። ዓይነቱን፣ መነሻ ድምፁንና ወጪውን አውቀው ይግዙ። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ ወይም ከዚያው ጋር፣ ከአገርዎ እረኛ አንድ ዋሽንት በተገቢው ዋጋ ይግዙ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው በየተራ ይንፏቸው፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ምን እንደ ጎደለው ለሠሪው ይንገሩት። የሚቀጥለውን አሻሽሎ ሊሠራ የሚችለው ይህን ሲሰማ ነው።